የመጀመሪያ የአሜሪካ የኪስ ሰንጢያችሁን ስትመርጡ፦ ኬዝ፣ ግሬት ኢስተርን ወይስ አሮጌ?

ሰንጢ የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ስሙ አያምርም። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ሰንጢ በኪሱ የሚይዝ ልጅ ዱርዬ ነበር የሚባለው። እናቴ ዛሬም በስልክ «ሰንጢ እሰበስባለሁ» ስላት ዝም ትላለች። ከዚያ ወሬ ትቀይራለች።

አሜሪካ ገጠር ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ሰንጢ የሥራ ዕቃ ነው። ገበሬው ጠዋት ከመኪና ቁልፉ ጋር ኪሱ ይከተዋል። አያት ለልጅ ልጁ ያወርሰዋል። እኔ ይህን ያየሁት ትራክ እየነዳሁ ነው። አንድ መስከረም ፔንሲልቬንያ ውስጥ ፖም ልጭን ተራ ይዤ ቆሜያለሁ። የእርሻው ባለቤት፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ቢጫ እጀታ ያለው ሰንጢ ከኪሳቸው አወጡ። የጭነቱን ማሰሪያ በጠሱበት። ስለቱን ሱሪያቸው ላይ ጠረግ ጠረግ አደረጉና አንድ ፖም ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ። ስለቱ ጠቁሮ ሰማያዊ ጣል ጣል ብሎበታል። የዛገ መስሎኝ ነበር። ዝገት እንዳልሆነ ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ሰንጢው የአባታቸው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የተለከፍኩት። አሁን አትላንታ አካባቢ የሚኖሩ ጓደኞቼ፣ አንዳንዴም የማላውቃቸው ሰዎች፣ «እኔም አንድ ልግዛ፣ የትኛው ይሻላል?» ይሉኛል። መልሴን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልጽፈው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ዋጋዎቹም ግምት ናቸው፣ ይለዋወጣሉ።

የእኔ አቋም አንድ ነው። መጀመሪያ የምትሠሩበትን ግዙ። ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው በኋላ ይመጣል። በእጃችሁ ያልሠራችሁበትን ሰንጢ ጥሩ ይሁን መጥፎ መለየት አትችሉም። መለየት የማይችል ሰብሳቢ ደግሞ ይታለላል። እኔ ታልያለሁ፣ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ አሠራሩ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እነዚህ ሰንጢዎች መቆለፊያ የላቸውም። በጀርባቸው በኩል ጠፍጣፋ የብረት ሞላ አለ። ስለቱ ሲከፈትም ሲዘጋም ሞላው የስለቱን ግርጌ ተጭኖ ይይዘዋል። የያዘው ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ በጀርባው በኩል ከገፋችሁት ጣታችሁ ላይ ይዘጋል። በጫፉ ለመውጋት ወይም ቆርቆሮ ለመፈልቀቅ አይሆንም። የሚከፈተው በጥፍር ነው። ስለቱ ላይ ለጥፍር የተቀረጸች ትንሽ ጎድጓዳ መስመር አለች።

ሰብሳቢዎቹ አንድ ሰንጢ ሲያነሱ መጀመሪያ የሚያዩት አረማመዱንና አነጋገሩን ነው። እነሱ ራሳቸው እንዲህ ነው የሚሉት፣ ሰንጢ ይራመዳል፣ ይናገራል። አረማመዱ ስለቱ ሳይንገጫገጭ መዞሩ ነው። አነጋገሩ ደግሞ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚያሰማው «ጠቅ» የሚል ድምፅ ነው። ጥሩ ሰንጢ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ሰነፍ ሞላ ያለው ድምፁ ይታፈናል።

እናንተም ሱቅ ውስጥ ስትይዙት እንዲህ አድርጉ። ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። ስለቱን ወደ ግራና ቀኝ ወዝወዝ አድርጉት፣ መነቃነቅ የለበትም። ተከፍቶ ሳለ በጀርባው በኩል ጣታችሁን አንሸራትቱ፤ ሞላው ከጎንና ጎኑ ካሉት ብረቶች ጋር እኩል መሆን አለበት። ከዚያ ወደ መብራት አዙራችሁ እዩት። በሞላውና በእጀታው መካከል ብርሃን ካሳለፈ አሠራሩ ልል ነው። ይህን ለማየት ሁለት ደቂቃ ይበቃል፣ ከማንኛውም ማስታወቂያም በላይ ይነግራችኋል።

ኬዝ

ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው። ምክንያቱን ልዘርዝር።

የኬዝ ወንድማማቾች ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ በፈረስ ጋሪ እየዞሩ ሰንጢ ይሸጡ ነበር። ኩባንያው መነሻውን ከ1889 ይቆጥራል። በ1905 ወደ ብራድፎርድ፣ ፔንሲልቬንያ ተሻገረ። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ከ1993 ጀምሮ ባለቤቱ ዚፖ ነው፣ ያ የሲጋራ መለኮሻ የሚሠራው። እሱም የዚያው ከተማ ልጅ ነው።

ኬዝ አዲስ ሆኖ በየሱቁ ይገኛል። ከ60 እስከ 100 ዶላር ባለው ውስጥ ጥሩ ነገር ታገኛላችሁ። ቅርጹ ብዙ ነው፣ የእጀታው ቀለም ስፍር ቁጥር የለውም። ከሁሉ በላይ ግን የሚነበብ ነው። ስለቱ ግርጌ ላይ የታተመውን ማንበብ የቻለ ሰው ሰንጢው መቼ እንደተሠራ ያውቃል። ከ1940 እስከ 1964 የተሠሩት ላይ ኬዝ የሚለው ስምና ሁለት ኤክስ አለ። ከ1965 እስከ 1969 ድረስ ዩ.ኤስ.ኤ. ተጨመረበት። በ1970 ደግሞ ከሥሩ አሥር ነጥብ አተሙ። በየዓመቱ አንድ ነጥብ ይቀንሳሉ። አምስት ነጥብ ካያችሁ 1975 ነው ማለት ነው። በ1980 የፊደሉን ቅርጽ ቀይረው እንደገና ከአሥር ጀመሩ።

ቁጥሩም ይነበባል። 6254 የሚል ካያችሁ 6 የተወቀረ አጥንት እጀታ ማለት ነው። 2 ሁለት ስለት። 54 የቅርጹ ቁጥር ነው፣ ትራፐር የሚባለው። መጀመሪያው 3 ከሆነ እጀታው ቢጫ ነው፣ 5 ከሆነ የአጋዘን ቀንድ። ይህን የተማርኩ ቀን የሌላ አገር ፊደል የቆጠርኩ ያህል ደስ ብሎኛል።

ስለ አጥንቱ አንድ ነገር ልበል። ኬዝ የሚጠቀመው የከብት የቅልጥም አጥንት ነው፣ ከብራዚል የሚመጣ። ከብቶቹ ዜቡ ናቸው፣ ሻኛ ያላቸው። የእኛም በሬ ከዚያው ወገን ነው። አጥንቱ ይቆረጣል፣ ይወቀራል፣ ይቀለማል። አንድ ዓይነት ሁለት አታገኙም። ሱቅ ውስጥ ሦስት አራት አስወጥታችሁ ምረጡ እንጂ የተሰጣችሁን ይዛችሁ አትውጡ።

ጉድለቱስ? አጨራረሱ ወጥ አይደለም። አንዱ ፍጹም ሆኖ ይመጣል፣ ሌላው ሞላው ትንሽ ይቀራል። ከፋብሪካ ሲወጣም ስለቱ ሁልጊዜ የተሳለ አይደለም። ለዚህ ነው ከመግዛታችሁ በፊት በእጃችሁ ያዙት የምለው።

ግሬት ኢስተርን

ይህ ወጣት ኩባንያ ነው። በ2006 ታይተስቪል፣ ፔንሲልቬንያ ተመሠረተ። ታይተስቪል በ1859 የአሜሪካ የነዳጅ ዘይት ኢንዱስትሪ የተወለደባት ትንሽ ከተማ ናት። በሰንጢ ሥራም የቆየች ናት። መሥራቾቹ አሮጌውን አሠራር መልሰው ለማምጣት ነው የተነሱት። ስለታቸው በአብዛኛው 1095 የሚባለው የካርቦን ብረት ነው። ኖርዝፊልድ፣ ታይዲዩት፣ ፋርም ኤንድ ፊልድ በሚሉ ስሞች ይሸጣሉ።

በሥራ ጥራት ብቻ ካወዳደርን ከኬዝ ይበልጣል። ይህን የምለው ሁለቱንም ብዙ ይዤ ነው። ሞላውና ብረቱ እንደ አንድ ነገር ይገጥማሉ። ድምፁ ያረካል።

ችግሩ ማግኘቱ ነው። ሁሉንም ቅርጽ ሁልጊዜ አያመርቱም። አንድ ቅርጽ በተወሰነ ቁጥር ይሠራሉ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ያልፋሉ። ነጋዴው ጋ በደረሰ በሰዓታት ውስጥ የሚያልቅ አለ። በማግስቱ ያው ሰንጢ በእጥፍ ዋጋ ለሽያጭ ይወጣል። ከሱቅ ከ100 እስከ 150 ዶላር ገደማ የሚሸጠውን 250 የሚጠይቁ አሉ። አትክፈሉ። ሌላ ዙር ይመጣል። የሞላው ጥንካሬ ሌላው ነገር ነው። አንዳንዱ በእውነት ጥፍር ይሰብራል። እጁ ለሚያመው ሰው ወይም ለአዛውንት ስጦታ አይሆንም። ባለቤቴ አንዱን መክፈት አቅቷት ትታዋለች፣ ኬዙን ግን ኩሽና ውስጥ በደስታ ትይዛለች።

ስለዚህ ግሬት ኢስተርንን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አድርጉት። ልዩነቱ የሚገባችሁ ያኔ ነው።

አሮጌው

የእኔ ልብ ያለው እዚህ ነው። እሑድ ጠዋት ቴነሲ ወይም ኬንታኪ ውስጥ የአሮጌ ዕቃ ገበያ መግባት ምናለሽ ተራን ያስታውሰኛል። ብረት በብረት ላይ ተከምሯል። ከመካከሉ የምትፈልጉት አንድ ነገር አለ።

የድሮ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ዘግተዋል። ሽሬድ ኤለንቪል፣ ኒውዮርክ የነበረውን በሐምሌ 2004 ዘጋ። ካሚለስ በ2007። ታይተስቪል የነበረው ኩዊን በ2018። የነዚህ ሥራ አሁን የሚገኘው ያገለገለ ሆኖ ብቻ ነው። የጠመንጃ አምራቹ ሬሚንግተን ደግሞ ወደ ሰንጢ ሥራ የገባው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነበር፣ በ1940 ከሥራው ወጣ። በ1922 ያወጡት፣ እጀታው ላይ የጥይት አርማ ያለው ትልቅ ሰንጢ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ነው። ከ1982 ጀምሮ ግን የዚያ ቅጂ ወጥቷል። ቅጂው መጥፎ አይደለም፣ በአሮጌው ዋጋ ግን እንዳይሸጡላችሁ።

ለጀማሪ ከአሮጌ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ሽሬድ ይሠራው የነበረውን ኦልድ ታይመር እመርጣለሁ። ቡናማ የፕላስቲክ እጀታ ያለው፣ ጥርብ ጥርብ ያለበት። 34ኦቲ የሚል ቁጥር ያለው መካከለኛው ነው፣ 8ኦቲ ከሱ ተለቅ ይላል። ሁለቱም ሦስት ስለት አላቸው። በሚሊዮን የሚቆጠር ስለተሠራ ዛሬም ከ20 እስከ 40 ዶላር ይገኛል። ስለቱ ግርጌ ላይ ሽሬድ ዩ.ኤስ.ኤ. የሚለውን ፈልጉ። ከ2004 በኋላ ስሙ ተሸጦ በአብዛኛው ቻይና ነው የሚሠራው። ስሙ ያው፣ ዕቃው ሌላ ነው።

አሁን ያታለሉኝን ልንገራችሁ። አንድ ገበያ ላይ «የ1950ዎቹ ነው» የተባለ ሰንጢ በ140 ዶላር ገዛሁ። ያማረ ነበር። ስለቱ ያብረቀርቃል። ቤት እስክደርስ ሦስት ጊዜ አውጥቼ አየሁት። በወሩ የሰብሳቢዎች ስብሰባ ላይ አንድ አባት በማጉያ መነጽር አይተው መለሱልኝ። ስለቱ ከሌላ ሰንጢ የተነቀለ ነበር። ስለቱን የያዘው ሚስማር ዙሪያ የመዶሻ ምልክት አለ። የፊተኛውና የኋለኛው ስለት ማህተም አይመሳሰልም። አጥንቱ አርጅቶ ብረቱ አዲስ ነው። ፎርጅድ ነው። አሁንም አስቀምጬዋለሁ። አዲስ ሰው ሲመጣ ከእውነተኛው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አሳየዋለሁ።

እሳቸው ያስተማሩኝን ላካፍላችሁ። ሰንጢው አርጅቶ ስለቱ ብቻ ካብረቀረቀ ተጠራጠሩ። አንድ ሰው በማሽን ወልውሎታል። መወልወል የማህተሙን ጠርዝ ይበላል፣ ዋጋውንም ይጥላል። ስለቱ ምን ያህል እንደቀረ እዩ። ብዙ የተሳለ ስለት ይቀጥናል፣ ሲዘጋ ጫፉ ወደ ውስጥ ይሰምጣል ወይም ከቦታው ይወጣል። ሙሉ ስለት ያለው ጠቁሮ ቢሆንም ከተወለወለው ይሻላል። የገዛችሁትንም ራሳችሁ አትወልውሉት። ዘይት ነክታችሁ ቆሻሻውን አውጡ፣ ጥቁረቱን ተዉት።

ርካሹና ከባዱ

ስለ ሁለት ሌሎች ባጭሩ። ራፍ ራይደር ቻይና ነው የሚሠራው፣ ቴነሲ ያለ ሱቅ ነው የሚያሠራው። ከ10 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው። ብዙ ሰብሳቢ ያናንቀዋል። እኔ አላናንቀውም። አሠራሩ ለዋጋው የሚያስገርም ነው። እኔ የሦስት ስለቱ ቅርጽ እንደሚመቸኝ ያወቅኩት በሱ ነው። ሦስት የተለያየ ቅርጽ በ45 ዶላር ገዝቶ፣ አንድ አንድ ሳምንት ኪስ ውስጥ ይዞ፣ ከዚያ ውዱን መግዛት ብልህነት ነው። መልሳችሁ ለመሸጥ ግን ዋጋ የለውም።

ሌላው በክ 110 ነው። በክ ሥራውን በ1902 ካንሳስ ጀመረ፣ ከ2005 ጀምሮ አይዳሆ ነው። 110 በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲወጣ አዳኞች ወደዱት። መቆለፊያ አለው። የናስ ጫፍ አለው። 200 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ስለዚህ ቀበቶ ላይ እንጂ ኪስ ውስጥ አይመችም። ከላይ ካነሳኋቸው የተለየ ዓይነት ነው። ለካምፕና ለከባድ ሥራ ከሆነ እሱን ያዙ፣ ለዕለት ተዕለት ግን አልመክርም።

ቅርጽ፣ ብረት፣ እጀታ

ቅርጹን የሚወስነው ሥራችሁ ነው። ትራፐር ሁለት ረጃጅም ስለት አለው፣ ሲዘጋ 10.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ቆዳ ለሚገፉ አዳኞች ነው የተሠራው። ዳቦና ፍራፍሬ ለመቁረጥ ግሩም ነው፣ የሱሪ ኪስ ውስጥ ግን ትልቅ ይሆናል። ስቶክማን የከብት አርቢዎች ነው፣ ሦስት ስለት። ሹሉ ለሁሉም ሥራ ነው፣ ቀጥ ያለው ለገመድና ለካርቶን። ሦስተኛው ጫፉ ደፍጠጥ ያለ፣ ወይፈን ለማኮላሸት የተሠራ ነው። እኔ ያን ፖስታ እከፍትበታለሁ። ፒነት ወይም ኦቾሎኒ የሚባለው ከነዚህ ሁሉ ትንሹ ነው፣ 7 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቢሮ ለሚሠራና ሰው ማስደንገጥ ለማይፈልግ እሱን የሚያክል የለም። ባርሎ ከእንግሊዝ ሼፊልድ የመጣ ጥንታዊ ቅርጽ ነው፣ ጫፉ ላይ ረጅም ብረት ያለው፣ ጠንካራና ቀላል።

አንድ ብቻ ከሆነ መካከለኛውን ስቶክማን። አልጠራጠርም።

ብረቱ ላይ ሰው ይከራከራል። የካርቦን ብረት በቀላሉ ይሳላል፣ ስለቱም ደስ ይላል። ግን ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ቀይ ሽንኩርት ሲነካው ቀለሙ ይቀየራል። መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ ጥቁር ይሆናል። ያ ጥቁረት ጥሩ ነው፣ ቀዩን ዝገት ይከላከላል። የሽማግሌው ስለት ላይ ያየሁት ይህ ነበር። ቀይ ካያችሁ ግን ዝገት ነው፣ ወዲያው ጥረጉት። የማይዝገው ብረት ይህ ሁሉ የለበትም፣ ስትስሉት ግን ትንሽ ይለግማል። ኬዝ ሁለቱንም ይሠራል። ሲቪ የሚል ፊደል ያለበት የካርቦኑ ዓይነት ነው፣ ኤስኤስ የማይዝገው። ከተጠቀማችሁ በኋላ መጥረግ ልማዳችሁ ከሆነ ካርቦን ግዙ። እንደ ጅዳና ዱባይ ያለ የባሕር እርጥበትና ላብ ባለበት ከተማ ከኖራችሁ ወይም ረስታችሁ የምታስቀምጡ ከሆነ የማይዝገውን። ለሁለቱም ጥሩ መሳያ ድንጋይ አይርሳችሁ። ዱልዱም ሰንጢ ከስለታሙ ይበልጥ ሰው ይቆርጣል፣ ስለሚያስገፋ።

እጀታ ላይ አጥንት ሞቅ ያለ ስሜት አለው፣ ከወደቀ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። የአጋዘን ቀንድ ውድ ነው። ምርጡ ከሕንድ ነበር የሚመጣው፣ ሕንድ ወደ ውጭ መላኩን ስለከለከለች ዋጋው ወጣ። ቢጫው ፕላስቲክ ርካሽ ነው፣ ሣር ላይ ቢወድቅ ይታያል፣ ገበሬዎቹም የሚይዙት እሱን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አሮጌ ሰንጢ ላይ ሴሉሎይድ የሚባል የድሮ ፕላስቲክ ታገኛላችሁ። ሲያምር ልዩ ነው። ሲያረጅ ግን ይበሰብሳል፣ የሚያወጣውም ጋዝ አጠገቡ ያሉትን ሰንጢዎች ሁሉ ያዝጋል። ለብቻው፣ አየር በሚያገኝበት አስቀምጡት። ቆዳ አፎት ውስጥም ምንም ሰንጢ አታስቀምጡ። ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ ናሱን አረንጓዴ ያደርገዋል። ለዘይት ከፋርማሲ የሚገዛው ሽታ የሌለው የማዕድን ዘይት ይበቃል። ለምግብም አይጎዳም። ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ።

ሰዎቹ

ሰንጢውን ብቻ ብሰበስብ ኖሮ እስካሁን ይሰለቸኝ ነበር። ሰዎቹ ናቸው ያቆዩኝ።

የት ልግባ ለምትሉ ሦስት በር አለ። የመጀመሪያው የአካባቢ ክበብ ነው። ደቡብ ግዛቶችና ፔንሲልቬንያ ውስጥ ብዙ ናቸው። በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰባሉ፣ ጠረጴዛ ላይ ያላቸውን ይዘረጋሉ፣ ይለዋወጣሉ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ጥቁሩ እኔ ብቻ ነበርኩ። በሩ ላይ ትንሽ አመነታሁ። ከገባሁ በኋላ ግን አንዱ ወንበር ሳበልኝ፣ ሌላው ቡና ቀዳልኝ፣ ሦስተኛው «ምን ትሰበስባለህ?» አለኝ። ከየት እንደመጣሁ የጠየቁኝ ቆየት ብለው ነው። ሁለተኛው የአምራቹ ክበብ ነው። የኬዝ ሰብሳቢዎች ክበብ ከ1981 ጀምሮ አለ። ለአባላት ብቻ የሚሠራ ሰንጢ ያወጣል። ሩቅ ለምትኖሩ ይህ ይሻላል። ሦስተኛው ትልልቁ ኤግዚቢሽን ነው። አትላንታ በየዓመቱ በሰኔ አካባቢ ብሌድ ሾው ይደረጋል። ሰፊ ነው፣ ያስደንቃል። የሚበዛው ግን ዘመናዊውና በእጅ የተሠራው ውድ ቢላ ነው። ለአሮጌው ሰንጢ ፍለጋ ጠይቃችሁ ጥቂት ጠረጴዛ ነው የምታገኙት። እኔ ቤቴ አጠገብ ሆኖ እንኳ ከዚያ ይልቅ ትንሹን ክበብ እመርጣለሁ። ትልቁ ላይ ታያላችሁ፣ ትንሹ ላይ ትማራላችሁ። ወደ ቴነሲ ተራሮች ለሽርሽር ከሄዳችሁ ደግሞ ሴቪየርቪል ውስጥ ባለው ትልቅ የሰንጢ ሱቅ ያለውን ሙዚየም ጎብኙ። ልጆችም ይወዱታል።

ጠረጴዛ ላይ ሥነ ሥርዓት አለ። ሳትጠይቁ አታንሱ። ከተፈቀደላችሁ ክፈቱ፣ ግን ስለቱን በጣት አትንኩ፤ የጣት ላብ በካርቦን ብረት ላይ አሻራ ይተዋል። ድምፁን ለመስማት ደጋግማችሁ ጠቅ ጠቅ አታድርጉ። ዘግታችሁ መልሱ። ሻጩ አዛውንት ከሆኑ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ታሪኩን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ዋጋው ከታሪኩ በኋላ ይቀንሳል።

ሰንጢ በስጦታ ሲሰጥ ተቀባዩ አንድ ሳንቲም ይመልሳል። ስለት ወዳጅነት ይቆርጣል ስለሚሉ፣ እንደ ሽያጭ እንዲቆጠር ነው። ለእህቴ ልጅ ኦቾሎኒውን ስሰጠው ይህን ነገርኩት። ቦርሳውን ፈትሾ ሳንቲም አጣ። ሮጦ ከእናቱ ለምኖ አምጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ከመያዛችሁ በፊት

ሕጉ እንደ ቦታው ይለያያል፣ የምትኖሩበትን ራሳችሁ አረጋግጡ። እንግሊዝ አገር ለምትኖሩ መቆለፊያ የሌለውና የሚቆርጠው ጠርዝ ከ3 ኢንች ያልበለጠ ታጣፊ ሰንጢ ያለ ምክንያት መያዝ ይቻላል። በክ 110 ግን ስለሚቆለፍ አይቻልም። ኦቾሎኒና መካከለኛ ስቶክማን እዚያ የሚመቹት ለዚህ ነው። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ስለቱ 4 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ክልክል ነው፣ ከልብስ ውጭ የሚታይ አድርጎ መያዝም እንዲሁ። ትምህርት ቤትና ፍርድ ቤት ይዞ መግባት የትም አይሞከር።

አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ብዙ ሰው ሰንጢውን የሚያጣበት ቦታ ነው። እኔ ከአባቴ ዘመን የሆነ ሰንጢ፣ በተወለድኩበት ዓመት የተሠራ፣ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ረስቼ ፍተሻው ላይ ጥዬ ሄጃለሁ። በረራው ሊያልፈኝ ስለነበር ወደ መኪናዬ መመለስ አልቻልኩም። ሻንጣ ውስጥ ሆኖ ወደ ታች የሚጫን ከሆነ ግን ይፈቀዳል። በካልሲ ጠቅልላችሁ ከሻንጣው መሀል አድርጉት፣ ኪሳችሁንም ከቤት ሳትወጡ ፈትሹ።